የስድስተኛው ቅጽ መሐላ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በደሴ ከተማ፣ ፒያሳ፣ ከፋርማሲው በላይ ባለው ካፌ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው አንድ ሆነዋል። የአንደኛው እግር አጠር ስለሚል ካርቶን ታጥፎ ከሥሩ ገብቶለታል። በሥራው ላይ የተጎዳ ሰው የለም።

ነገሩን ያካበድኩት እኔ አይደለሁም። አቶ እንድርያስ ጠረጴዛዎቹ እስኪገጠሙ ድረስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ተገጥመው ሲያልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ መድረኩ ተዘጋጅቷል» አሉ። ሁለት ጠረጴዛ ገጥሞ መድረክ የሚል ሰው፣ ኬክ ሲመጣ ምን ይል ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ኬኩ መጣ። «ታሪካዊ ነው» አሉ።

ኬኩ ላይ በቸኮሌት የተሳለችው ልጅ ጀንበር ናት፤ ቢያንስ ጀንበር እንድትሆን ታስቦ ነበር። ሠሪው አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ እጁ ስለከዳው ቁርጥ አቶ እንድርያስን መስላለች። ከጎኗ እጀታው ላይ ቀይ ሪባን የታሰረበት ቢላዋ ተቀምጧል። ከበስተኋላ ግድግዳው ላይ «እንኳን ደህና መጣህ ሰባተኛው ቅጽ» የሚል ባነር ተሰቅሏል። መጽሐፍ ማንበብ ባይችልም መጽሐፉ ባነሩን እንዲያነበው ይጠበቃል።

ዝግጅቱ ሁሉ «ጥላ አልባዋ» ለሚባለው ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። ሰባተኛውና የመጨረሻው ቅጽ ያን ዕለት በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዚያ በሚኒባስ ዳገቱን ይዞ ወደ ደሴ ይወጣል።

እኔ የነበርኩት ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ነው። እዚያ የምቀመጠው ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት ያለው በዚያ ግድግዳ ላይ ስለሆነ እንጂ፣ የልጆች ተረት ይዘው የሚቆዝሙ ጎልማሶችን ለመስማት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እዚያ የተቀመጥኩትም በሶኬቱ ምክንያት ነው።

ተረቱ እንዲህ ነው። ጀንበር የምትባል ልጅ ጥላዋ ይሰረቃል። በዚያ አገር ጥላ የሌለው ሰው ፀሐይ ላይ መታየት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ልጅቱ ከቤት ሳትወጣ ታድጋለች፤ የውጪውን ዓለም የሚነግራት ወንድሟ ወገግ ነው። በአምስተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ወገግ ጥላዋን ሊያመጣላት ድልድዩን ተሻግሮ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። እስከ ተወሰነ ድረስ ድምፁ ይሰማታል። ከዚያ አይሰማትም። አምስተኛው ቅጽ እዚያ ላይ ያልቃል። ወገግ ከጭጋጉ ይውጣ አይውጣ የሚታወቀው በስድስተኛው መጨረሻ ነው ይባላል። ይህን ሁሉ ከጎን ጠረጴዛ እየሰማሁ ነው ያወቅሁት።

የመጽሐፉ ጀርባ ላይ «ዕድሜያቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ለሆኑ ወጣቶች» የሚል ጽሑፍ አለ። የ«ጥላ አልባዋ ወዳጆች ማኅበር» ደንብ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው አባል መሆን አይችልም ይላል። አቶ እንድርያስ ምክንያቱን ሲያስረዱ ወጣቶች ለጥልቅ ሥነ ጽሑፍ ገና ናቸው ብለዋል። መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አባላቱ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ከአራቱ በስተቀር ሌሎቹ የሚታዩት ሲጨበጨብ ስለሆነ እተዋቸዋለሁ። አቶ እንድርያስ ሰብሳቢ ናቸው። ዕድሜያቸውን በስብሰባ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ ደመወዙ ሳይሆን ስብሰባው የቀረባቸው ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ስለሆኑ በእሑድም ይሰበስባሉ፤ የጎደለባቸው ቅዳሜ ነበር። ሊዲ ሆጤ ሰፈር ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ መጽሐፍ ይዞ ፎቶ በመነሳት ደሴ ውስጥ የሚስተካከላት የለም። ሚስባህ የግል ኮሌጅ መምህር ነው። ለሚስባህ ማንኛውም ነገር ራሱን አይደለም፤ የሌላ ነገር ምልክት ነው። ማኪያቶ ሲቀርብለት እንኳ ለጥቂት ጊዜ በጥርጣሬ ያየዋል።

አራተኛው ጀማሉዲን ነው፤ ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። በየቅዳሜው ዳገቱን ወጥቶ ይመጣና ገና ሳይቀመጥ ስለ ብርዱ ያማርራል። የደሴዎቹ ደግሞ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት ይጠይቁታል። ደሴ ብርዷን፣ ኮምቦልቻ ሙቀቷን፣ ሁለቱም ለፍተው እንዳገኙት ነገር ነው የሚያወሩት። አውሮፕላን የሚያርፈው ኮምቦልቻ ስለሆነ ጀማሉዲን ሰባተኛው ቅጽ መጀመሪያ የሚረግጠው የእሱን መሬት መሆኑን ከወር በፊት ጀምሮ ሲያስታውሳቸው ከርሟል።

መጽሐፉ እንደ እቁብ በዕጣ ነው የሚዞረው። ማኅበሩ ከእያንዳንዱ ቅጽ አንድ ይገዛል፤ ዕጣ የደረሰው ወስዶ ያነባል፤ ለቀጣዩ ያስረክባል። ሌላ መንገድ አልነበረም። መጽሐፉ ደሴ በገባ በማግስቱ ያልቃል፤ በቴሌግራም የሚዞረውም አምስተኛው ላይ ያቆማል።

አንደኛውን ቅጽ ሁሉም አንብበውታል፤ ይህን አልነፍጋቸውም። ሁለተኛውንም ያነበቡ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ሆነ። አንዱ «አቤት አራተኛው» ሲል ሌላው «አቤት» ይላል።

በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ቅጽ ጊዜ የማኅበሩ ብርሃን የሆነው፣ ማንም ያልጠበቀው ጀማሉዲን ነው። አንድ ቅዳሜ ብድግ ብሎ፣ «እኔ እንደሚመስለኝ ጥላዋም ጀንበርን ትፈልጋታለች። የጠፉት ሁለቱም ናቸው» አለ። ሚስባህ ይህችን ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ አስተምሯታል አሉ። እኔ ግን ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ጀማሉዲን ሁልጊዜ ከመግባቱ በፊት ደረጃው ላይ ቆሞ ይደውላል፤ ሶኬቱ ደግሞ ከደረጃው ብዙም አይርቅም።

«ደግመሽ ንገሪኝ እስቲ፣ ሳፊያ። ጥላዋ ምን አደረገች ነበር ያልሽው?» ይላል። ያዳምጣል። «አብሽሪ፣ ይዣለሁ» ይላል። ከዚያ ይገባና ጥልቅ ይሆናል።

ሳፊያ የወንድሙ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ናት ገና። አባትና እናቷ ስለሌሉ ከታላቅ ወንድሟ ከሀፊዝ ጋር ያደገችው አጎታቸው ቤት ነው። ጀማሉዲን ዕጣ ሲወጣለት መጽሐፉን ይዞ ይገባል፤ ሁለቱ ልጆች በአንድ ትራስ ላይ ተደፍተው ያነቡታል፤ ለእሱ እራት ላይ ይተርኩለታል። አምስተኛውን ጨርሰው ብዙም ሳይቆይ ሀፊዝ ከጓደኞቹ ጋር በሚሌ በኩል ወደ ባሕሩ ሄደ። ሊሻገር ያሰበው ወደ ዓረብ አገር ነው። አንድ ጊዜ ከመንገድ ደውሎ ስድስተኛው ሲወጣ እንዳትነግሪኝ፣ ስመጣ አብረን እናነበዋለን አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ይህንንም የሰማሁት ከደረጃው ነው። ጀማሉዲን ለማኅበሩ ተናግሮት አያውቅም።

ስድስተኛው ቅጽ ሲወጣ የመጀመሪያው ዕጣ ለአቶ እንድርያስ ደረሰ። ጊዜያቸው አልቆ ሲመጡ እንዴት ነበር ተባሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«የዚህን መጽሐፍ መጨረሻ የሚናገር ሰው» አሉ፣ «ለእኔ ሰው አይደለም።»

ወዲያውም ሐሳብ አቀረቡ። ሰባተኛው ቅጽ እስኪገባ ድረስ የስድስተኛውን መጨረሻ ማንም ለማንም እንዳይናገር፤ ላላነበበ ብቻ ሳይሆን ላነበበም ጭምር። መጽሐፉም ከአባላት እጅ እንዳይወጣ፤ የቤተሰብ እጅም ቢሆን። ላነበበ ሰው መናገር ለምን ይከለከላል ተብሎ ሲጠየቅ ቁስል ይቀሰቅሳል አሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ ያለ ክርክር ያለፈ ሐሳብ ያ ብቻ ነው።

ክርክር የተነሳው መሐላው ላይ ነው። ጀማሉዲንና ሚስባህ ወላሂ ብለው ሊምሉ ተነሱ። አቶ እንድርያስና ሊዲ ግን በእምነታቸው መማል የለም፤ አዎን ካሉ አዎን ነው። ጀማሉዲን እኔ ወላሂ ብዬ ታስሬ እናንተ በአዎን ልትፈቱ ነው ወይ አለ። አቶ እንድርያስ የአማኝ አዎን ከብረት ይጠነክራል አሉ። ሚስባህ አዎን ራሱ የመሐላ ምልክት ነው አለ። ቅዳሜው በዚህ መሸ። በመጨረሻ ሁለቱ ወላሂ፣ ሁለቱ አዎን እንዲሉ ተስማሙና በየተራ ቆመው አሉ። ወሎ ተቻችሎ መኖር ያውቅበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ተቻችሎ ዝም ማለትም እንደሚያውቅበት ያን ዕለት አየሁ።

ከዚያ መጽሐፉ ዞረ። ሊዲ ተራዋን ጨርሳ ስትመጣ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። እጇን ዘርግታ «አትጠይቁኝ» አለች። የጠየቃት አልነበረም። ሌሊትና ቀን እንዳለቀሰች፣ ሥራ መግባት እንዳቃታት ነገረችን። የሠርግ ሰሞን ስለነበር እህቴ በዚያው ሳምንት ሊዲ ዘንድ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ስትስቅ ነበር ያገኘኋት ብላኛለች። ሚስባህ በተራው፣ «መጨረሻው መጨረሻ አይደለም» አለ። ቀጣይ ቅጽ ስላለው መጽሐፍ ይህን ለማለት ማንበብ አያስፈልግም፤ ጭብጨባው ግን ረጅም ነበር።

ጀማሉዲን ተራው ሲያልፍ ምንም አላለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። አቶ እንድርያስ ከሁላችንም በላይ የገባው ለእሱ ነው አሉ። እኔ ግን ሲገባ ደረጃው ላይ ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት የደወለችው እሷ ነበረች።

«ወላሂ ብያለሁ፣ ሳፊያ» ይላት ነበር። «ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ነው የከረመው። አንቺስ ብትሆኚ መሐላ ታፈርሻለሽ?» ትንሽ አዳመጠና «እኔማ እንዴት አላነብ» አለ።

ከዒድ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሳፊያን ይዟት መጣ። ሰኞ ገበያ ከሚባለው ቦታ ልብስ ሊገዛላት ነበር፤ እግረ መንገድ አለ። ቀጭን ናት፤ ሻሿን ደጋግማ ወደ ፊት ትስባለች። ወንበር ተሰጣት፤ ጭማቂ ታዘዘላት። አቶ እንድርያስ የልጆች ንባብ እንዴት ነው ብለው ጠየቋት፤ መልሱን ግን አልጠበቁም። እሷም ጭማቂውን ሳትነካ፣ አጎቷ የተቀመጠበትን አቅጣጫ ሳታይ፣

«ጋሽ እንድርያስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች።

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«ወገግ ከጭጋጉ ወጣ?»

ማኅበሩ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። ሊዲ ግንባሯን ያዘች። ሚስባህ የወጣ የገባ የሚባል ነገር ከምን አንጻር ነው ብሎ ጀመረና ተወው። አቶ እንድርያስ እጃቸውን የልጅቱ ትከሻ ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ መሐላ አለብን። እኔ እንኳ በአዎን ነው የታሰርኩት።»

«በቃ አዎን ወይ አይ ይበሉኝ። እንዴት እንደሆነ አይንገሩኝ።»

«ያ ራሱ መጨረሻው ነው እኮ።»

«ለኔ ብቻ ነው የምትነግሩኝ። ለማንም አልነግርም። ሀፊዝም ቢደውል አልነግረውም።»

ሀፊዝ ማነው ብሎ የጠየቀ የለም። ጀማሉዲን በማንኪያ ሻይ ያማስል ነበር፤ ሻዩ ስኳር የለውም። ሊዲ ጎንበስ ብላ፣ «ሳፊዬ፣ የኔ ማር፣ ባታውቂው ይሻልሻል» አለቻት፤ ድምፅዋን እንዲህ ዝቅ አድርጋ ያለችው ልጅቱን ለማረጋጋት ነበር። የልጅቱ ፊት ግን አመድ መሰለ። ባታውቂው ይሻልሻል የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ ልጁ ወደ ባሕሩ የሄደበት የኮምቦልቻ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል። ሊዲ ይህን አላየችም፤ ጭማቂውን ከጎኗ ካለው መጽሐፍ ጋር አመቻችታ ፎቶ እያነሳች ነበር።

ሳፊያ ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆመች። «አጎቴ፣ አንተስ? አንተ አንብበኸዋል አይደል። ዓይንህን ብቻ ጨፍንልኝ፤ ከወጣ ጨፍን።»

ጀማሉዲን ዓይኑን አልጨፈነም። ሚኒባስ ሊያመልጠን ነው አላት።

ሰው ስለሚያውቀው ነገር ዝም ሲል አይቻለሁ። ስለማያውቀው ነገር እንዲህ አምሮበት ዝም የሚል ማኅበር ግን አይቼ አላውቅም። ያኔ ይህን በእርግጠኝነት አልልም ነበር፤ ጥርጣሬ ብቻ ነበረኝ። መጽሐፉን ያላነበብኩ እኔ ነኝ እንጂ እነሱማ አንብበዋል።

እንግዲህ ወደ ኬኩ እንመለስ።

አባላቱ ሞልተዋል። ሳፊያም ከአጎቷ ጋር መጥታለች። በዚህ ጊዜ ገበያ አልተባለም፤ አልጋብዛትም ቢል እንኳ ከሚኒባሱ የምትወርድለት አይመስለኝም። የእሱ የሱቅ ሠራተኛ አየር ማረፊያ ሄዶ ካርቶኑን ይጠብቃል። ውጪው እንደ ደሴ ቅዳሜ ሁሉ ጭጋግ ነው፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ፎቅ አይታይም። ሚስባህ ይህን ጭጋግ በማየት ብዙ ነገር ተናገረ፤ ምልክቱ ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ።

አቶ እንድርያስ የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። በጉዟችን ውስጥ፣ አሉ፤ ተቀምጠን መሆኑን ማንም አላስታወሳቸውም። ስድስተኛው ቅጽ ያቆሰለን እኛ ሰባተኛውን በጽናት እንቀበላለን አሉ። ሊዲ ንግግሩን በስልኳ እየቀረጸች ራሷንም እንዲታይ አድርጋ በመሐል እንባዋን ጠረገች።

የጀማሉዲን ስልክ ጮኸ። ሁሉም ዞሩ። አዳመጠና ብድግ አለ።

«ገብቷል» አለ። «ኮምቦልቻ ገብቷል። አልሐምዱሊላህ። ካርቶኑ ተጭኗል፣ እየወጣ ነው።»

ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ እንድርያስ ደሴ ሳይደርስ ገብቷል አይባልም ብለው ለማረም ሞከሩ። ጀማሉዲን አውሮፕላኑ አርፏል ወይስ አላረፈም፣ መሬት ነክቷል ወይስ አልነካም አለ። ሚስባህ ስለ መግባት ትርጉም ተናገረ። በመጨረሻ ለሰላም ሲባል ሰባተኛው ቅጽ ገብቷል ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ።

ያኔ ሳፊያ ተነሳች።

«ከገባ» አለች፣ «መሐላው አልቋል ማለት ነው።»

ጭብጨባው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ እንደ ጠብታ ቀስ እያለ ነው የቆመው።

«የቱ መሐላ?» አሉ አቶ እንድርያስ።

«ሰባተኛው እስኪገባ ነበር የማላችሁት። አሁን ገብቷል ብላችኋል። ወገግ ወጣ ወይስ አልወጣም?»

እኔ በሕይወቴ ብዙ ትሕትና አይቻለሁ፤ ሰው ለሰው በር ላይ ቅደም ሲል፣ የመጨረሻዋን ጉርሻ አንተ ሲል። እንደዚያን ቀን ያለ ትሕትና ግን አላየሁም። አቶ እንድርያስ ይህን ዕድል ለሴት ልጅ ልስጥ አሉና ወደ ሊዲ ዞሩ። ሊዲ ቀርጻ መላክ ስለጀመረች ድምፅ እንዳይበላሽባት ሚስባህ ይናገር አለች። ሚስባህ ታላቅ እያለ ታናሽ አይናገርም፣ ጋሽ ጀማል ይቅደም አለ። ጀማሉዲን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚህ በፊት ያዳነው ይሄ ነበር። ሳፊያ እጁን አየች።

«አጎቴ፣ አሁን እኮ መሐላ የለም።»

«እርስዎ ሰብሳቢ ነዎት» አለ ጀማሉዲን ወደ አቶ እንድርያስ። «እርስዎ እያሉ እኔ አልናገርም።»

አቶ እንድርያስ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። ስብሰባ ያሳደገው ሰው መውጫ አያጣም። ከቦርሳቸው ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ፤ ስድስተኛው ቅጽ ነው። በስንት እጅ የዞረ መጽሐፍ ጥግ እንኳ አልታጠፈበትም፤ የሻይ ጠብታም አልነካውም። ደሴ መጽሐፍ እንዲህ ተጠብቆ የሚኖር ከሆነ ቤተ መዘክር አያስፈልገንም።

«መናገር ጣዕሙን ያጠፋዋል» አሉ። «ይነበብልን። ወጣቱም ትውልድ ይሳተፍ። ነይ ልጄ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቁመሽ አንብቢልን።»

እፎይታው ይታይ ነበር። ወንበሮች ተመቻቹ። ሊዲ ስልኳን ወደ ልጅቱ አዞረች፤ የሚያስለቅሰኝ ቦታ ሲደርስ ቆም በይ አለቻት። ሚስባህ ዓይኑን ጨፈነ። ጀማሉዲን እጁን ከደረቱ አወረደ። ሁሉም ደግመው ሊሰሙት እንደጓጉ ሰዎች ተቀመጡ።

ሳፊያ መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ፕላስቲኩን ስትገልጠው ተንኮሻኮሸ። ከኋላ ከፈተችው፤ ገለጠች፤ አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ገጹን ከላይ ዳሰሰችው። ወደ ውስጡ አጮልቃ አየች። ቀጣዩንም እንዲሁ ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ ጠረጴዛውን በዓይኗ ፈለገችና፣

«ቢላዋውን ያቀብሉኝ» አለች።

አቶ እንድርያስ ፈገግ አሉ። «ኬኩ በኋላ ነው፣ ልጄ።»

«ለኬኩ አይደለም።»

መጽሐፉን ወደ እነሱ አዞረችው። የመጨረሻው ምዕራፍ ገጾች ከላይ እንደተያያዙ ናቸው። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ ይሰፋዋል፤ ከዚያ ዳሩን ይቆርጠዋል፤ ከዚህ መጽሐፍ ጫፍ ላይ ግን መቁረጫው ስቶ አልፏል። እንዲህ ያለ ገጽ ካልተቀደደ ወይም በስለት ካልተከፈተ አይነበብም። አልተቀደደም። ስለትም አልነካውም። እንደ ፖስታ ታሽጎ፣ ከቤት ቤት ዞሮ፣ ተለቅሶበት፣ ተምሎበት እዚያ ደርሷል።

የሊዲ ስልክ ቀስ እያለ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ሚስባህ ዓይኑን ከፈተና ገጾቹን አየ፤ የምንም ምልክት አልነበሩም። አቶ እንድርያስ ቢላዋውን አነሱ፤ ሪባኑን ሊፈቱ ሞከሩ፤ ቋጠሮው እምቢ ሲላቸው ከነሪባኑ፣ እጀታውን ወደ እሷ አድርገው ሰጧት።

ሳፊያ ተቀመጠች። መጽሐፉን ከኬኩ ጎን አጋደመችና ቢላዋውን በእጥፋቱ ውስጥ አስገብታ ቀስ ብላ መክፈት ጀመረች። ወረቀቱ ሲለያይ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ሶኬቱ ድረስ ይሰማል ልል ነበር፤ ግን ስልኬ ሞልቶ ከተነቀለ ቆይቷል፣ ወንበሬም እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ወደ መድረኩ ተጠግቷል።

ከታች ፋርማሲው በር ላይ ሚኒባስ ቆመና ደጋግሞ ጥሩምባ ነፋ። ካርቶኑ መጥቷል። የተነሳ ሰው አልነበረም።

ጀማሉዲን ከወንበሩ ወደ ወንድሙ ልጅ ዘመም አለ። ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ ቢያደርገውም ካፌው ጸጥ ስላለ ሁላችንም ሰማነው።

«ሳፊያ» አላት። «ወጣ?»

ቢላዋው ገና የመጀመሪያውን እጥፋት አላጋመሰም።